አዲስ ሃይብሪድ በብድር ወይስ ያገለገለ በዕቁብ?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ትንሽ ሃይብሪድ መኪና ሊገዙ ሲነሡ የሚገጥማቸው ጥያቄ

ከዳላስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የኡበርና የሊፍት ሾፌሮች ተራ የሚጠብቁበት ሜዳ አለ። ስልኩ እስኪጮህ ድረስ አንዱ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ያሸልባል፣ ሌላው ከቤት ያመጣውን ምሳ ይፈታል፣ የቀረው በመኪኖቹ መሀል ቆሞ ያወጋል። ብዙውን ጊዜ ጎልቶ የሚሰማው አማርኛ ነው። ወሬው ከአገር ቤት ፖለቲካ ይነሣና ብዙ ሳይቆይ መኪና ላይ ያርፋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ስንት ማይል ሄዷል?» ይላል አንድ ወጣት፣ ብርማ ፕሪየሳቸውን ተደግፈው የቆሙትን ጎልማሳ። ከሁለት መቶ ሺህ እንዳለፈ ይነግሩታል። ወጣቱ በስልኩ ላይ የዲለር ደብዳቤ ይዟል፤ አዲስ መኪና፣ አነስተኛ ቅድመ ክፍያ፣ የሰባት ዓመት ብድር። ጎልማሳው መነጽራቸውን አውጥተው ያነባሉ። አጠገባቸው ያሉት ሁለት ሦስት ሰዎችም ይጠጋሉ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ክርክር በየጋራዡ፣ በየካፌውና ከቅዳሴ በኋላ በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሚሰማው ነው። አንዱ ወገን «አዲስ ግዛ፣ ዋስትና አለህ፣ እንቅልፍህን ትተኛለህ» ይላል። ሌላው «ዕዳ ተሸክመህ ምን እንቅልፍ አለ? ያገለገለ ገዝተህ ሥራ» ይላል።

ሁለቱም ወገኖች የሚሉት እውነት አለው። ክርክሩ የማያልቀው ግን ሁለቱም ስለ መኪናው ብቻ ስለሚያወሩ ይመስለኛል። መልሱን የሚወስነው ገዢው በዓመት ስንት ማይል እንደሚነዳና ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ነው።

ከክራውን ቪክቶሪያ ወደ ፕሪየስ

ለብዙ ዓመታት የዲሲ ታክሲ ማለት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበር። ብዙዎቹ ፖሊስ ተጠቅሞባቸው በጨረታ የተሸጡ ናቸው። ሰፊ፣ ጠንካራና ለመጠገን ቀላል ነበሩ፤ በከተማ ውስጥ ግን በአንድ ጋሎን አሥራ ስድስት ማይል ገደማ ብቻ ይሄዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የዲሲ ታክሲ ከዞን ክፍያ ወደ ሜትር ሲዞር፣ በ2011 መጨረሻም ኡበር ከተማዋ ሲገባ ገቢው ከማይል ጋር በቀጥታ ተሳሰረ። ለአንድ ማይል የሚወጣው ነዳጅ የሾፌሩን ገቢ የሚወስን ሆነ።

ቶዮታ ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1997 ነው፤ አሜሪካ የገባው በ2000። አሠራሩ ለከተማ የተፈጠረ ያህል ነው። በተራ መኪና ፍሬን ሲያዝ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሃይብሪዱ ግን ያንኑ ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል፣ መብራት ላይ ሲቆም ሞተሩን ያጠፋል፣ ሲነሣም በኤሌክትሪክ ይነሣል። ግድግዳ ላይ መሰካት አያስፈልገውም። ስለዚህ በጆርጂያ አቬኑ መጨናነቅ ውስጥ ሌላው መኪና ነዳጅ ሲያባክን እሱ ይቆጥባል። የተለመደው ማስነሻ ሞተርም ሆነ ዲናሞ የለውም፤ ማርሽ የሚቀያይር ካምቢዮም የለውም። የፍሬን ሸራው ከሌላ መኪና ይልቅ ረጅም ዕድሜ አለው። ሾፌሮች ፕሪየስን የወደዱት ለነዳጁ ብቻ ሳይሆን ሊበላሹ የሚችሉት ዕቃዎቹ ጥቂት በመሆናቸውም ነው።

የነዳጁ ሒሳብ ሰውን የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሾፌር በጋሎን 30 ማይል ከሚሄድ መኪና 57 ማይል ወደሚሄደው አዲሱ ፕሪየስ ቢዞር በዓመት ከ600 ጋሎን በላይ ይተርፈዋል። ትልቅ ገንዘብ ነው። ነገር ግን ከ2016 ሞዴል ጀምሮ የተሠራው አራተኛው ትውልድ ፕሪየስም በጋሎን 52 ማይል ገደማ ይሄዳል። ከእሱ ወደ አዲሱ በመዞር የሚገኘው በዓመት ሰባ ጋሎን እንኳ አይሞላም። «ለነዳጅ ብዬ ነው አዲስ የገዛሁት» የሚለው ምክንያት ከአሮጌ ቤንዚን መኪና ለሚመጣ ሰው ይሠራል። ሃይብሪድን ከሃይብሪድ ለሚያወዳድር ግን የነዳጁ ልዩነት የአንድ ወር የብድር ክፍያ እንኳ አይሞላም።

መኪና ሀብት ከነበረበት አገር

አዲስ አበባ ላይ ያደገ ሰው ስለ መኪና ያለው ስሜት የተለየ ነው። እዚያ ግብሩና የውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ተደማምረው የመኪናን ዋጋ ወደ ላይ ይገፉት ስለነበር፣ ቪትዝ ገዝቶ ሦስት ዓመት የነዳ ሰው ከገዛበት በላይ ሊሸጠው ይችል ነበር። መኪና እንደ መሬት ሁሉ ገንዘብ ማስቀመጫ ነበር።

ይህ ስሜት ውቅያኖስ ተሻግሮ አብሮን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ግን አዲስ መኪና ከዲለሩ በር በወጣ ቀን ዋጋው ይወርዳል፤ ለሥራ የሚነዳ ደግሞ በፍጥነት ይወርዳል። ቤተሰብ በስልክ «ጥሩ አድርገሃል፣ ንብረት ያዝክ» ሲል ከልቡ ነው። የተያዘው ግን በየማይሉ የሚያልቅ ዕቃ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በብድር ላይ ብድር ሲደርቡ ያየሁት ይህ ልዩነት በወቅቱ ሳይገባቸው በመቅረቱ ነው፤ ያሳዝነኛልም።

የወር ክፍያው የሚሸፍነው

በዲለሩ የፋይናንስ ቢሮ ውስጥ የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። በወር ስንት ይመችሃል? የዋህ የሚመስል ጥያቄ ነው። ገዢው ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ የመኪናው ዋጋ፣ የወለዱ መጠንና የብድሩ ዘመን እንደ ልብ ይቀያየራሉ፤ የወር ክፍያው ብቻ እንደተፈለገው ሆኖ ይወጣል።

ምሳሌ እንውሰድ። 30,000 ዶላር በሰባት በመቶ ወለድ ለስድስት ዓመት ሲበደሩት በወር 511 ዶላር ገደማ ይከፈልበታል። ወደ ሰባት ዓመት ሲዘረጋ 453 ይሆናል። በወር ከስልሳ ዶላር ያነሰ ቅናሽ ለማግኘት 1,200 ዶላር ተጨማሪ ወለድ ይከፈላል ማለት ነው። ከዚያም የከፋው፣ በዓመት 40,000 ማይል የሚነዳ ሾፌር በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ 120,000 ማይል የሄደ መኪና ላይ ገና 19,000 ዶላር ገደማ ዕዳ ይኖርበታል። ያን ቀን መኪናው ቢጋጭ ወይም የኡበር ወይም የሊፍት አካውንቱ ቢዘጋ፣ ሽያጩ ዕዳውን ላይሸፍን ይችላል። መጋቢት 2020 ላይ ከተማዋ ስትዘጋና ተሳፋሪ ሲጠፋ ይህን በሚገባ ያዩ ሾፌሮች ብዙ ናቸው።

«የሰባት ዓመት ብድር መኪናው ካረጀ በኋላም ይከተላል።»

ያገለገለ የሚገዛውም ከዚህ ወጥመድ ነጻ አይደለም። ባንኮች ላገለገለ መኪና የሚጠይቁት ወለድ በአብዛኛው ከአዲሱ ይበልጣል። 18,000 ዶላር የሚያወጣ ያገለገለ መኪና በአሥራ አንድ በመቶ ለአምስት ዓመት የተበደረ ሰው 5,500 ዶላር ያህል ወለድ ይከፍላል። 30,000 ዶላር የሚያወጣ አዲስ መኪና በአምስት በመቶ ለአምስት ዓመት የተበደረው ግን 4,000 ገደማ ብቻ። በርካሹ መኪና ላይ የሚከፈለው ወለድ ከውዱ ይበልጣል! ያገለገለ መኪና እውነተኛ ጥቅም የሚሰጠው በጥሬ ገንዘብ ወይም በአጭር ብድር ሲገዛ ነው።

በብድር ተቋማት ውስጥ የሚሠሩ ወገኖቻችን ደጋግመው የሚመክሩት ነገር አለ። ዲለሩ ከባንኩ ያገኘውን ወለድ በራሱ ጨምሮ ሊያቀርብና ልዩነቱን ሊያስቀር ይችላል፤ ሕጋዊም ነው። ስለዚህ ወደ ዲለር ከመሄድ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን የብድር ፈቃድ ይዞ መሄድ ይሻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ብዙ አበዳሪዎችን መጠየቅ በክሬዲት ነጥብ ላይ እንደ አንድ ጥያቄ ስለሚቆጠር መፍራት አያስፈልግም። ሁለተኛው ምክር፣ ዋጋው በጽሑፍ ሳይያዝ ስለ ወር ክፍያ ማውራት አይገባም። «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ይቻላል» የሚባለውም ዲለር ቤት ለተገዛ መኪና አይሠራም፤ ፊርማ ካረፈ አረፈ። ብድሩ ሳይጸድቅ መኪና ይዞ መውጣትም አደጋ አለው። ከቀናት በኋላ «ባንኩ አልተቀበለም፣ ወለዱ ይጨምራል» ተብሎ የሚደወልበት ሰው ጥቂት አይደለም።

ብድር ሌላም ወጪ ይጎትታል። አበዳሪው ሙሉ ኢንሹራንስ ያስገድዳል። በጥሬ ገንዘብ የተገዛ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ግን ሕጉ የሚጠይቀውን ብቻ ይዞ መንዳት ይችላል። ሾፌር ከሆነ ደግሞ የተሳፋሪ ሥራን የሚያካትት ተጨማሪ ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ያን ሳይዝ የሚነዳ ሰው በአደጋ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ከኋላ ወንበሩ ሥር

ያገለገለ ሃይብሪድ ለመግዛት የሚፈራ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ባትሪውን ነው። ፍርሃቱ ምክንያት አለው፤ ትልቁን ባትሪ በዲለር ማስቀየር ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል። ሆኖም በሃይብሪድ ላይ ብዙ ዓመት የሠሩ የእኛው መካኒኮች የሚነግሩት ከፍርሃቱ ይልቅ ዝርዝር ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ ፕሪየስ ውስጥ ያለው ባትሪ ሃያ ስምንት ክፍሎች አሉት። አንዱ ሲደክም መኪናው ቀይ ሦስት ማዕዘን ያበራል። አንዷን ክፍል ብቻ ቀይሮ መብራቱን የሚያጠፋ ባለሙያ በርካሽ ይሠራል፤ የቀሩት ግን የዚያችው እኩዮች ስለሆኑ ከጥቂት ወራት በኋላ ሌላዋ ትከተላለች። «ባትሪው ተሠርቷል» ተብሎ የሚሸጥ መኪና ሲያጋጥም፣ ሙሉ ባትሪ ነው ወይስ አንድ ክፍል ብሎ ደረሰኝ ማየት ያስፈልጋል። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ የአየር ማስገቢያ በኩል ነው። የተሳፋሪ ካፖርትና ሻንጣ ይዘጋዋል፤ አቧራና የውሻ ፀጉር ማጣሪያውን ይደፍነዋል። ባትሪን ቀድሞ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ይህ ሙቀት ነው። ማጣሪያውን ማጽዳት ደግሞ ማንም ሰው የሚችለው የደቂቃዎች ሥራ ነው።

ከባትሪው ይልቅ መካኒኮቹ የሚፈሩት ከ2010 እስከ 2015 ሞዴል ያለውን የሦስተኛው ትውልድ ሞተር ነው። የተቃጠለውን ጭስ መልሶ ወደ ሞተሩ የሚወስደው መስመር በጥቀርሻ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ያይላል፣ በመጨረሻም የቴስታታው ጋስኬት ይበላል። ምልክቱ ጠዋት በብርድ ሲነሣ ለጥቂት ሰከንዶች መንቀጥቀጡና የትም ሳይንጠባጠብ የራዲያተር ውሃው መጉደሉ ነው። ስለዚህ መኪና ሊያይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ እጁን ኮፈኖው ላይ ያሳርፍ። ሞቆ ከጠበቀው ሻጩ ቀድሞ አስነሥቶታል፤ ሌላ ቀን በጠዋት መመለስ ይሻላል።

በሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር የሚጠየቀው የደህንነት ምርመራ ፍሬንና ጎማ፣ መብራትና መሪ ያያል እንጂ የሃይብሪድ ባትሪውን ጤና አይናገርም። ያን ለማወቅ ስካነር ያለው መካኒክ ያስፈልጋል። ሾፌሮች «ዶክተር ፕሪየስ» የሚባለውን የስልክ መተግበሪያ ከመኪናው ጋር አገናኝተው የባትሪውን ሁኔታ ያያሉ። የሻሲ ቁጥሩን ታሪክ ማየትም አይዘለልም። በጎርፍ ተይዞ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ሃይብሪድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ውሃ የገባበት ሽቦና ባትሪ ሲታይ ደህና መስሎ በየወሩ አዲስ ችግር ያመጣል።

«መካኒኩ ከመግዛት በፊት የሚወስደው ገንዘብ ከገዙ በኋላ ከሚወስደው እጅግ ያንሳል።»

ዕጣው የወጣለት

ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ፣ ባንክ ከማይገባባቸው የመኪና ግዢዎች ጀርባ ብዙ ጊዜ ዕቁብ አለ። አሥራ ስምንት ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ዶላር ቢጥሉ፣ ዕጣ የወጣለት 18,000 ዶላር ይዞ ይወጣል። ቀድሞ ለወጣለት ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ መጨረሻ ለወጣለት ደግሞ ቁጠባ። መኪናው የተበላሸበት ሰው ለዕቁቡ ዳኛ ችግሩን ነግሮ ዕጣውን ከሌላው ጋር የሚለዋወጥበት ጊዜም አለ። ይህን የሚያደርግ ባንክ የለም።

ለሙስሊም ወገኖቻችን ዕቁብ ከዚህም በላይ ነው። ወለድ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነባቸው ጥያቄው «አዲስ ወይስ ያገለገለ» ከመሆኑ በፊት «ከወለድ ነጻ በምን መንገድ» የሚል ነው። አንዳንዱ ገንዘብ ሰጪው መኪናውን ራሱ ገዝቶ ትርፉን አስታውቆ በክፍያ በሚሸጥበት በሙራበሃ መንገድ ይገዛል፤ ብዙው ግን ዕቁቡን ጠብቆ፣ በእጁ ባለው ልክ ያገለገለ ይገዛል።

ዕቁብ ጉድለት የለውም ማለት ግን አይደለም። ዕጣውን የበላ ሰው እስከ መጨረሻው የመክፈል ግዴታ አለበት፤ ሥራ ቢቀር ዋሱ ይጠየቃል። በየወሩ ሳያጓድሉ መክፈልም በክሬዲት መዝገብ ላይ አይታይም። ነገ ቤት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ክሬዲቱን የሚገነባበት ነገር ያስፈልገዋል። አስተዋይ የሆኑ ቤተሰቦች የዕቁቡን ገንዘብ ከፍ ያለ ቅድመ ክፍያ አድርገው የቀረውን በሁለት ወይም በሦስት ዓመት የሚያልቅ ትንሽ ብድር ይወስዳሉ። የማከብረው መንገድ ነው። ወለዱ ትንሽ ነው፣ ክሬዲቱ ይገነባል፣ መኪናውም ሳያረጅ የራስ ይሆናል።

ለሾፌሩ አንድ፣ ለነርሷ ሌላ

ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪው የሚሰጠው ዋስትና አሥር ዓመት ወይም 150,000 ማይል ነው፤ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው ይይዛል። ዋስትናው መኪናውን ተከትሎ ወደ ሁለተኛው ባለቤት ያልፋል።

በሆስፒታል የምትሠራ፣ በዓመት አሥር ሺህ ማይል የምትነዳ ነርስ አሥሩን ዓመት በሙሉ በዋስትና ሥር ትነዳለች። ለእሷ አዲስ ኮሮላ ሃይብሪድ ወይም ፕሪየስ፣ በቂ ቅድመ ክፍያና ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ብድር ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ብድሩ ካለቀ በኋላ አምስት ዓመት ያለ ክፍያ የምትነዳ ከሆነ። በየአራት ዓመቱ መኪና የመቀየር ልማድ ካላት ግን ከባዱን የዋጋ መውረድ ደጋግማ የምትሸከመው እሷ ትሆናለች።

በዓመት 40,000 ማይል ለሚነዳው ሾፌር 150,000ው ማይል አራት ዓመት አይሞላም። የአዲስ መኪናን ዋጋ ከፍሎ የዋስትናውን ዘመን ከግማሽ በታች ይጠቀማል። ለእሱ ባለ አንድ ባለቤት፣ የጥገና ወረቀት ያለውና ማይሉ ያልበዛ አራተኛ ትውልድ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በተለይ በዕቁብ ወይም በአጭር ብድር ከተገዛ። በዲሲም ሆነ በየኩባንያው ለተሳፋሪ መኪና የዕድሜ ገደብ ስላለ፣ ከመግዛቱ በፊት መኪናው ስንት ዓመት ሥራ ላይ መቆየት እንደሚፈቀድለት ማጣራት አለበት። ገደቡ ሊደርስበት ሁለት ዓመት የቀረው መኪና ርካሽ የሆነው በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ብቻ ያገለገለ ቶዮታ ሃይብሪድ ለማንም አልመክርም። ተፈላጊነቱ ዋጋውን ከአዲሱ ጋር ያቀራርበዋል፤ የብድሩ ወለድ ግን እንደ አሮጌ ይቆጠራል።

ግብሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ራሱን ችሎ የሚሠራ ሾፌር በ2025 ለሥራ ለነዳው ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ከገቢው ላይ መቀነስ ይችላል። ይህ መጠን ነዳጁን፣ ጥገናውንና የመኪናውን ማርጀት አጠቃሎ የያዘ ስለሆነ መኪናው ምንም ይሁን ምን አንድ ነው። በርካሽ የተገዛና ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና ያለው ሰው ይበልጥ ይጠቀምበታል። ለሥራው የዋለው የብድር ወለድ ደግሞ ለብቻው ይቀነሳል። በ2025 የወጣው አዲስ ሕግ ለግል መገልገያ በተገዛ አዲስ መኪና የብድር ወለድ ላይም ቅናሽ ፈቅዷል፤ መኪናው ግን በመጨረሻ የተገጣጠመው አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት። ፕሪየስ የሚመጣው ከጃፓን ነው፣ የሻሲ ቁጥሩም በ«ጄ» ይጀምራል። ስለዚህ ሻጭ «ወለዱ ከግብር ይቀነስልሻል» ሲል ነርሷ የሻሲ ቁጥሩን ማየት አለባት። ቨርጂኒያ የሚኖር ሾፌር ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የንብረት ግብር ይከፍላል። ከግማሽ በላይ ለሥራ የሚውል መኪና የግል መኪና የሚያገኘውን ቅናሽ ስለማያገኝ፣ አዲስ መኪና በየዓመቱ ይበልጥ ያስከፍለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ገና የመጣው ሰው ነው። ክሬዲት የለውም፣ ዲለሩ ኮሳይነር አምጣ ይለዋል፣ የአጎት ልጅ ይሉኝታ ይዞት ይፈርማል። ያ ፊርማ በዕቁብ ዋስ ከመሆን ይከብዳል። አንድ ወር ክፍያ ሲዘገይ የሁለቱም መዝገብ ይቆሽሻል፤ መኪናው በባንኩ ቢወሰድ እንኳ ከጨረታው የጎደለውን ዕዳ የአጎት ልጅም ይጠየቃል። ዘመድ ሊረዳው ከፈለገ፣ ዕቁብ ውስጥ አስገብቶ የመጀመሪያዎቹን ዕጣዎች አንዱን እንዲያገኝ ዳኛውን ይለምንለት። በዚያ ገንዘብ መካኒክ ያየውን አሮጌ መኪና በስሙ ያውጣ፤ ክሬዲቱን ደግሞ ቅድመ ተቀማጭ በሚጠይቅ ካርድ፣ በየወሩ ጥቂት እያወጣና ሙሉውን እየከፈለ ይጀምር።